የስንብት ክፍያ አልከፍልም ያለ አሠሪን እንዴት መክሰስ ይቻላል?

በስንብት ክፍያ ጉዳይ ሠራተኛን ጉድ የሚሠራው «ነገ ና፣ ፋይናንስ ጋ ነው» የሚለው ቀጠሮ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተከሰሰበት በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ፣ ይቀራል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ውሉ የተቋረጠበትን ቀን ያዙ።

ቀጥሎ ክፍያው እንደሚገባችሁ አጣሩ። ድርጅቱ ከተዘጋ፣ በቅነሳ ከወጣችሁ ወይም ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከተባረራችሁ ይገባችኋል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀም ቢሆን 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር በተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ያገኛል። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ የሚያውቅ አሠሪም አይነግራችሁም። የሥራ መሪ (እንደ መቅጠርና ማሰናበት ያለ ሥልጣን ያለው ኃላፊ) የነበራችሁ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈኑም።

አሁን ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል። የቀን ደመወዛችሁ 400 ብር ሆኖ 4 ዓመት ከሠራችሁ 12,000 ሲደመር 3 ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ነው። የወጣችሁት በድርጅቱ መዘጋት ወይም በቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ያ ሌላ 24,000 ነው። መሠረታዊው ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። እዚያ ጣሪያ ለመድረስ 34 ዓመት መሥራት ስለሚጠይቅ ብዙም አያሳስባችሁ።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና በእናንተው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉ። አሠሪው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። እጃችሁ ላይ ላፕቶፕ ወይም መታወቂያ ካለ ቶሎ መልሱ፤ ለማዘግየት ጥሩ ሰበብ ይሆነዋል። በመጠኑ ካልተስማማችሁም ያመነውን ያህል በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሊከፍል ይገባል። ያንን ስትቀበሉ ከፊርማችሁ በላይ «ቀሪውን የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብላችሁ ጻፉበት። «ከድርጅቱ የምፈልገው የለም» የሚል ወረቀት ካቀረቡላችሁ ግን አትቸኩሉ።

እምቢ ካለ ክሱ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የቅጥር ውሉን፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንትና ማህተም ያረፈበትን ቅጂ አያይዙ። ክፍያው ለዘገየበት እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲወሰንላችሁም እዚያው ክስ ላይ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁት ማንም አያስታውስላችሁም። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ያዛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።