ካርቶን ላይ የተለጠፈ ካርታና ሌሎች ችግሮች፦ የጥንት የባሕር ጉዞ ካርታና መጽሐፍ ለምትሰበስቡ

አውሮፓውያን ባሕር አቋርጠው ዓለምን ማሰስ በጀመሩበት ዘመን የታተሙ ካርታዎችንና መጻሕፍትን እሰበስባለሁ። የሌሎች ሰብሳቢዎችንም እጠግናለሁ። በእጄ በብዛት የሚያልፈው አገራችንን የሚመለከተው ነው። ፖርቱጋሎች "ፕሪስተር ጆን" የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ ፍለጋ በ1520 ምጽዋ ላይ ወረዱ። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ካርታ ሠሪው ኦርቴሊየስ ደግሞ በ1573 የፕሪስተር ጆንን አገር፣ ማለትም አቢሲንያን፣ የሚያሳይ ካርታ አወጣ። እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፀሐይና እርጥበት ወረቀት እንደሚጎዱ ታውቃላችሁ። እሱን አልደግምም።

ካርታው ዳር ዳሩን ጠቁሯል፣ መሃሉ አብጧል፣ ከጀርባው ካርቶን አይላቀቅም

ወደ እኔ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነው። ፍሬም ቤት ወስዳችሁታል፣ እነሱም "እንዳይጨማደድ" ብለው ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፈውታል።

የዚያ ዘመን ወረቀት ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነው፤ በደንብ ከተያዘ አራት መቶ ዓመት ምንም አይለውም። ርካሹ ካርቶን ግን ከእንጨት የተሠራና አሲድ ያለበት ነው። አሲዱ ወደ ካርታው ይዘልቅና ያጠቁረዋል። በዚያ ላይ እርጥበት ሲለዋወጥ ወረቀቱና ካርቶኑ እኩል አይሳቡም። ስለዚህ ወይ ያብጣል ወይ ይቀደዳል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የጀርባው ነገር ነው። የኦርቴሊየስ አትላስ (የካርታ መጽሐፉ) ከ1570 እስከ 1612 በላቲን፣ በደች፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከካርታው ጀርባ ጽሑፍ አለ። ካርታው ከየትኛው እትም እንደወጣ የምናውቀው በዋናነት በዚያ ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛ ከሆነ፣ ከ1606ቱ እትም ነው ማለት ነው። ጀርባውን በኮላ መለጠፍ የካርታውን የልደት ካርድ መድፈን ነው።

አንድ ወንድም የዓመት ቁጠባውን አውጥቶ የአቢሲንያን ካርታ ከውጭ አገር ገዛ። ፍሬም ቤቱ በአናጢ ኮላ ለጠፈለት። ሲያመጣው የዳዊት ዘር የተዘረዘረበት የላይኛው ግራ ጥግ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። የመጨረሻው ንብርብር ሲነሳ ላቲን ፊደል ብቅ አለ። ሰውዬው ከጀርባው ጽሑፍ መኖሩን አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ።

ሌላዋ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አይታ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሞከረች። ካርታውን ከጥጉ ይዛ ሳበችው። ካርታው ላይ የተሳሉት ዝሆኖች ያሉበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ካርታውን ከካርቶኑ አትሳቡ። የሚነሳው ካርቶኑ ነው፣ ከካርታው ላይ፣ በጥቂት በጥቂቱ።

መጀመሪያ ቀለሙን ፈትኑ። ጥጥ በጠብታ ውሃ አርጥቡና እያንዳንዱን ቀለም አንድ ጥግ ላይ ንኩት። ጥጡ ቀለም ከያዘ ውሃ ክልክል ነው። ካልያዘ ካርታውን ንጹሕ መጣጭ ወረቀት ላይ በፊቱ ድፉት። ካርቶኑን በደረቁ፣ በቀጭን ስፓቱላ፣ ንብርብር በንብርብር አንሱ። ጉልበት ከጠየቃችሁ እየቸኮላችሁ ነው። ስስ ንብርብር ብቻ ሲቀር አቁሙ። ከዚያ ወፈር ያለ የሜቲል ሴሉሎስ ጄል (በውሃ የሚበጠበጥ ለስላሳ ማጣበቂያ) የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ብቻ ቀቡ። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የስታርች ወይም የቆዳ ሙጫ ከሆነ ይለሰልስና በስፓቱላ ይነሳል። ነጩ ኮላ ግን ያብጣል እንጂ አይሟሟም፤ እንደ ላስቲክ ቀስ ብሎ ከወጣ ወጣ። ካልወጣ እዚያው ተዉትና ለባለሙያ ስጡ።

ማድረቂያው መጣጭ ወረቀት፣ መስታወትና ክብደት ነው። ወረቀቱን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀይሩ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገሙ፣ በማግስቱም እንደገና። ካውያ አታስጠጉ። ፀሐይ ላይ አታስጡ። የፀጉር ማድረቂያም አይሆንም።

ስትሰቅሉት ደግሞ የላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ በሁለት ትንንሽ የጃፓን ወረቀት (ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት) ማንጠልጠያ ይያዝ። ማጣበቂያው የስንዴ ስታርች ይሁን። ሊጥ አይሆንም፤ ሊጥ ተባይ ይጠራል። የኋላው ካርቶን አሲድ የሌለው የጥጥ ይሁን። መስታወቱ ካርታውን አይንካ።

ላሚኔት ያስደረጉም አሉ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ካርታ፣ እንደ መታወቂያ፣ በፕላስቲክ ተለብዶ! ፕላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። እቤት ውስጥ የምታደርጉት ምንም ነገር የለም።

አረንጓዴው ቀለም ወረቀቱን ሰነጠቀው

ካርታውን ገልብጡት። ከአረንጓዴው ቦታ ትይዩ ጀርባው ላይ ቡናማ ጥላ ካለ፣ ቀለሙ ከመዳብ የተሠራ ነው። የባሕር ዳርቻና የግዛት ድንበር በዚህ ቀለም በእጅ ይቀባ ነበር፤ መዳቡ ወረቀቱን ይበላዋል። ውሃ አታስነኩት! ውሃው መዳቡን ወደ ጤነኛው ወረቀት ያሰራጨዋል። አትጠቅልሉት፣ አትጠፉት። መሰንጠቅ የጀመረው በጀላቲን በተቀባ ስስ የጃፓን ወረቀት ከጀርባው ይደገፋል፤ እርጥበቱ ለመጣበቅ ብቻ የሚበቃ ይሁን። ከላይ የጻፍኩት የጄል ዘዴ ለእንዲህ ዓይነቱ ካርታ አይሆንም። ለባለሙያ ስጡት።

በፕላስተር ተጠግኗል

ፕላስተሩ ገና ካልቆየ ሙጫው በላስቲክ ማጥፊያ ተፍቆ ይወጣል። ቢጫ ሆኖ ከደረቀ እድፉ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል፤ ያለ ኬሚካል አይለቅም። የተቀደደ ነገር በፕላስተር አትጠግኑ። "ለጊዜው ነው" የተባለ ፕላስተር ሠላሳ ዓመት ሲቆይ አይቻለሁ።

ቡናማ ነጠብጣቦች

ተዉአቸው። በረኪና የነካ ወረቀት መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዓመታት በኋላ ይፈረካከሳል።

የመጽሐፉ ቆዳ ቀይ ዱቄት ያራግፋል

ቆዳው በአሲድ ተበልቷል። በአልኮል የተበጠበጠ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ (የጠጋኞች ማጠንከሪያ ዱቄት) በብሩሽ ስሱን ቀቡት፣ ዱቄቱን ይይዘዋል። የጫማ ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ ዘይት የለም።

ካርታው አዲስ ይመስላል

በማጉያ መነጽር እዩት። መስመሩ ከትንንሽ ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ዘመናዊ ቅጂ ነው። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ካርታ ዙሪያውን የሰሌዳው ጠርዝ የተጫነበት ምልክት አለው፤ በጣት ይታወቃል። ጠርዙ ተቆርጦ ምልክቱ የጠፋበት እውነተኛ ካርታ ግን አለ፣ ስለዚህ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ የሽቦ መስመሮቹን፣ ማለትም የወረቀት መሥሪያው ወንፊት ሽቦ የተወውን ምልክት፣ ፈልጉ።

ከመጽሐፉ ውስጥ ታጣፊው ካርታ የለም

ተቆርጦ ለብቻው ተሽጧል። ይህን የሚጠግን እጅ የለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1814 እንዳሳተመው የአቢሲንያ ጉዞ ያለ መጽሐፍ ስትገዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የትልልቅ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ስንት ካርታና ስንት ሥዕል እንደሚል አንብቡ። ከዚያ ሻጩ ፊት አንድ በአንድ ቁጠሩ።