የቀድሞ ወታደርና ፖሊስ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አንድ አባት ሲያርፉ ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ «የሕይወት ታሪካቸውን ማን ይጻፍ?» ይባላል። በአንድ ሌሊት ተጽፎ በማግስቱ ቀብር ላይ ይነበባል። በሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ በዕለቱ ስለሚፈጸም ለሶደቃው ማድረስ ይቻላል። ሟቹ በጦር ሠራዊትም በፖሊስም ያገለገሉ ከሆነ ግን ስህተቱ ይበዛል፤ ከለቀስተኛው መሃል የቆሙት የጦር ጓዶቻቸው ደግሞ እያንዳንዷን ቃል ያዳምጣሉ።

ጦርነቱን ሁሉ «ካራማራ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር የገባው በ1969 ክረምት ነው፤ የካራማራው ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ድሬዳዋን ሲከላከል የቆየ ወይም ሐረር ዙሪያ የተዋጋ ሁሉ ካራማራን አልረገጠም፤ ዕድሜውን ኤርትራ በረሃ የጨረሰም አለ። ክፍለ ጦራቸውንና ብርጌዳቸውን ከአሮጌ መታወቂያ፣ ከጡረታ ወረቀት፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ ፈልጉ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች በስልክ የሚነግሯችሁን ዓመት ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

ማዕረግና የቦታ ስም በዘመኑ ይጻፍ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ፖሊሱ ሃምሳ አለቃና ሻምበል ይባል ነበር፤ ኮማንደር የኋላ መጠሪያ ነው። ጅማ ያኔ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ የድሮ ወረቀታቸው «ትውልድ፦ ከፋ» ቢል ቦንጋ ተወለዱ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሊሙም አጋሮም በዚያው ሥር ነበሩ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን «በ1983 በክብር ተሰናብተው» የሚለው ሐረግ ነው። ያን ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ ለነበረ ሰው ይህ እውነት አይደለም። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ስንቱ በእግሩ ወደ ቀዬው ገባ፣ ስንቱ የተሃድሶ ካምፕ ከረመ፣ ስንቱ ተሸካሚና የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ልጆቹን አሳደገ። ከእነዚሁ መካከል በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ እንደገና የዘመቱ አሉ። ቤተሰብ እነዚያን ዓመታት የሚዘለው አፍሮ ነው፤ እኔ ግን የሰውየው ጽናት የሚታየው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ያኔ ጉልት ቸርችረው ቤቱን ያቆሙት ባለቤታቸው ከሆኑም በግልጽ ይነገር፤ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» አይበቃም።

ፖሊስነታቸውንም በአንድ መስመር አትለፉት። ጦር ሜዳውን የሰፈሩ ሰው አላየም፤ ጣቢያውን ግን ያውቀዋል። የተጣሉ ወንድማማቾችን ከማሰር ሽማግሌ አስቀምጠው ያስታረቁ፣ የደሃ ገበሬ የተሰረቀ ጀንፈል አስመልሰው የሰጡ ከሆነ ቀኑንና ሰፈሩን ጠይቃችሁ ጻፉት። «ማንንም አስቀይመው አያውቁም» ማለት ግን ይቅር። ፖሊስ ሆኖ ያላስቀየመ የለም፤ ያሰሯቸው ሰዎችም ለቅሶ ይደርሳሉ።

የሚያነበው ሰው ድምፁ የሚሰማና ሳያለቅስ መጨረስ የሚችል ይሁን፤ ከሁለት ገጽም አይብለጥ።

ከቀብር በኋላ ጓዶቻቸው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ «እዚያ እንኳ አልነበረም» እያሉ ማረም ይጀምራሉ። አንድ ልጅ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ የታረመው ጽሑፍ ለአርባው ይደርሳል።