ታሪክህ ሳይንስ ልብወለድ ነው ወይስ ፋንታሲ? እንዲህ ለየው

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። ዓሣ ገበያው ጋ አንድ ጉማሬ ከውኃው ብቅ ብሎ «ቆሮሶ ስንት ነው?» አለ እንበል።

መጀመሪያ ጠይቅ፦ እንዴት ተናገረ? ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፕ ተቀብሮ ከሆነ ወደ ሳይንስ ልብወለድ አዘንብለሃል። የሐይቁ መንፈስ አንደበት ሰጥቶት ከሆነ ፋንታሲ ነው። ግን ቺፕ ስላልክ ብቻ አለቀ እንዳትል። ባትሪው ያልቃል? ውኃ ሲገባው ይበላሻል? ዓሣ አስጋሪው ይህን አውቆ ጉማሬውን ሊሸውደው ይችላል? ምንም ወሰን ከሌለው ያው አስማት ነው፣ ቆርቆሮ ለብሶ የመጣ።

መንኮራኩርም እንዲሁ። ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ እንኳ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ ወደሆነው ኮከብ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ያንተ ጀግና ቁርሱን ታቦር ተራራ ላይ በልቶ ለምሳ እዚያ ከደረሰ ቢያንስ ዋጋ አስከፍለው፣ ነዳጅም ይሁን ዕድሜ።

በተቃራኒው ጠንቋይህ እየለካና እየመዘገበ የሚሠራ ከሆነ መስመሩ ይደበዝዛል። ይደብዝዝ፣ በኔ በኩል ችግር የለውም። አንባቢ የሚናደደው መቶ ገጽ ሙሉ በቺፕ ሲሄድ የቆየውን ታሪክ መጨረሻ ላይ መንፈስ ጠርተህ ስትፈታው ነው። መንፈሱን ከፈለግከው ምዕራፍ አንድ ላይ አስገባው።