ፓይተን ላይ የወላጁን ኮንስትራክተር ራሳችሁ ጥሩት
ከጃቫ ወደ ፓይተን የምትሻገሩ፣ ይቺን ልብ በሉ። ኮንስትራክተር ማለት ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ ነው፤ ሱፐር (super) ደግሞ የወላጁን ክላስ ኮንስትራክተር የምንጠራበት ነው። ጃቫ ላይ ሱፐርን ባትጽፉም ራሱ ይጠራላችኋል፤ ወላጁ ያለ ግብዓት የሚጠራ ኮንስትራክተር ከሌለው ደግሞ ገና ኮምፓይል ሲደረግ ይጮህባችኋል። ፓይተን ግን ዝም ነው። ልጁ ክላስ (ከወላጁ የወረሰው) የራሱ ኢኒት (__init__፣ የፓይተን ኮንስትራክተር) ካለው ፓይተን የወላጁን አይነካውም።

«ሠራተኛ» የሚባለው ክላስ ስም ይይዛል እንበል። «ሹፌር» ከሱ ወርሶ በራሱ ኢኒት መንጃ ፈቃድ ብቻ ቢመዘግብ፣ ኦብጀክቱ ያለ ችግር ይፈጠራል። ስሙን ስትጠይቁት ነው አትሪቢዩት ኤረር (ኦብጀክቱ ይህ ነገር የለውም የሚል ስህተት) የሚመጣው፤ ያውም ሌላ ፋይል ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሄዶብኛል።

ስለዚህ የልጁ ኢኒት መጀመሪያ መስመር ላይ ሱፐርን ጥሩ፣ ስሙንም አሳልፉለት። ጃቫስክሪፕት ላይማ ምርጫም የለም፤ በልጁ ኮንስትራክተር ውስጥ ሱፐር ሳይጠራ ዲስን (this፣ ኦብጀክቱን ራሱን) ከነካችሁ ሬፈረንስ ኤረር የሚባል ስህተት ነው።