ኮሊን ለማርሽ ባንድ ወዳጆች

በፈረንጆቹ ጁን ፕራግ የምትሆኑ ከሆነ አንድ ቀን ለቼኳ ከተማ ለኮሊን ስጡ። ከፕራግ በስተምሥራቅ፣ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አትሞላም። "የክሞህ ኮሊን" የሚባለው የማርሽ ባንዶች ፌስቲቫል በየዓመቱ የሚካሄደው እዚያ ነው። ስሙን ያገኘው በከተማዋ ኖሮ በ1912 ካረፈው የሙዚቃ ደራሲና የባንድ መሪ ፍራንቲሼክ ክሞህ ነው።

ሰልፉ እንዳያመልጣችሁ። ባንዶቹ የደንብ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ በትር የሚያሽከረክሩ ልጃገረዶችን አስከትለው ያልፋሉ። ቀድማችሁ ካልደረሳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ሕፃን ከያዛችሁ ደግሞ ከከበሮውና ቱባ ከሚባለው ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ራቅ በሉ፤ ድምፁ ቀልድ አይደለም።

ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ ላቤ ወንዝ ላይ ያለችው የክሞህ ደሴት ትሻላለች፤ ጥላ አላት። በመሃል የቅዱስ በርተሎሜዎስን ቤተ ክርስቲያን ግቡና እዩ። መቅደሱን የሠራው የፕራጉን የቻርልስ ድልድይ ያነጸው ፔተር ፓርለር ነው። እኔ በበኩሌ ለሱ ብቻ እንኳ እሄዳለሁ።

ጥሬ የቼክ ገንዘብ (ኮሩና) ያዙ፤ ቋሊማና ቢራ የሚሸጡት ሁሉ ካርድ ላይቀበሉ ይችላሉ። የመልስ ባቡሩንም ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።