ሲሞቅ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይቆማል

ሱሉልታ ባለችው ወርክሾፓችን በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀዘቅዙ የኃይል ማይክሮስኮፖች (በመርፌና በናሙና መካከል ያለውን ኃይል እየለኩ ምስል የሚያወጡ) እንሠራለን፣ እንጠግናለን። ሽቦው መያዙን፣ ፓምፑ መሳቡን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ቴርሞሜትሩ ናይትሮጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚፈላበት 77 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) በታች ያሳያል?
አልተበላሸም። እዚህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በልጠናል። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ናይትሮጅኑ የሚፈላው 75 አካባቢ ነው። አትነካኩት።

መርፌውን ይዞ የሚርገበገበው የኳርትዝ ሹካ ምልክት ጠፋ?
ሲቀዘቅዝ የርግብግቢቱ ፍጥነት በጥቂት አሥር ኸርዝ መውረዱ ጤና ነው። ጭራሽ ከጠፋ ሙጫው ተሰንጥቋል። ሙጫው፣ ኤፖክሲው፣ ከኳርትዝ ይልቅ ብዙ ስለሚኮማተር በስሱ ቀቡት።

ምስሉ ላይ መስመር ይታያል?
ናይትሮጅኑ እየፈላ ነው፣ ወይም በጎጃም መንገድ ከባድ መኪና እያለፈ ነው። ጠብቁ።

መርፌው ወደ ናሙናው አልጠጋ አለ?
ከሚመጡልን ብልሽቶች አብዛኛው ይኸው ነው። መርፌውን የሚያስጠጋው መራመጃ የሚሄደው በፒየዞ፣ ማለትም ቮልቴጅ ሲሰጡት በሚረዝምና በሚያጥር ቁራጭ፣ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ጥሩ አድርጎ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ቀጥ ይላል። ሰዉ ወዲያው «ፒየዞው ሞተ» ብሎ አዲስ ይገዛል። አልሞተም! ፒየዞ ሲቀዘቅዝ እርምጃው ያጥራል። ከናይትሮጅንም በባሰ በሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ሂሊየም፣ 4.2 ኬልቪን ላይ፣ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ በሙሉ ቮልቴጅ ብቻ የሚሄድ መራመጃ ብርዱን አይችልም። በሲሶው ቮልቴጅ እስኪራመድ ድረስ መራመጃውን የሚጫነውን ሞላ ብሎን በትንሽ በትንሹ አላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንዱን ማይክሮስኮፕ አራት ጊዜ አቀዘቀዝነው፣ አራቴም ቆመ። ፈትቼ መራመጃው የሚንሸራተትበትን የሳፋየር ሳህን ወደ መብራት ሳዘነብለው የአውራ ጣት አሻራ ታየኝ። የጣቱ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሰው ጣት ቅባት ነበር ሦስት ሳምንት ያባከነን። ሌላ ደንበኛ ደግሞ «እንዲላላ» ብሎ ግሪስ ቀብቶ አምጥቷል። ግሪስ በዚያ ብርድ ድንጋይ ነው። እባካችሁ፣ ግሪስ አታስጠጉ!

ሳህኑን በአሴቶን፣ ቀጥሎ በአይሶፕሮፓይል አልኮል እጠቡ። ያለ ጓንት አትንኩ። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ከገጠማችሁ በኋላ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እያሞቃችሁ ሌሊቱን ሙሉ አየሩን በፓምፕ ሳቡ። ግማሽ ሰዓት አይበቃም። ገና ሳይሞቅ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ጤዛው ሁሉ ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅን ስትቀዱ መስኮት ክፈቱ፤ አንድ ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። የናይትሮጅኑን ዕቃም አፉን አትድፈኑ፣ ይፈነዳል።

ለፒየዞው ቮልቴጅ የሚሰጠው አምፕሊፋየር ርካሽ ከሆነም ያስቸግራል። ቮልቴጁ ቀስ ብሎ ወጥቶ በቅጽበት መውረድ አለበት። አወራረዱ ከዘገየ መራመጃው ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ አይራመድም። የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ፒየዞው ጫፍ ላይ ለኩ፣ አምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ አይደለም።

በማቀዝቀዝ ላይ ሳላችሁ በየ20 ኬልቪኑ ጥቂት እርምጃ አራምዱት። እርምጃው ቀስ በቀስ እያጠረ ከቆመ ሞላውን ወይም ቮልቴጁን እዩ። እየሄደ ሳለ በድንገት ቀጥ ካለ ሳህኑን ፍቱ።