የድሮውን ሳን አንድሪያስ በሪሼድ ማሳመር፦ እንዴት እንደሚሠራ

ግራንድ ቴፍት ኦቶ ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ዛሬ ደከም ያለ ላፕቶፕ እንኳ ያጫውተዋል፤ መልኩ ግን ዕድሜውን አይደብቅም። የነገሮች ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፣ ራቅ ያለው ሁሉ ቡናማ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል፣ ግድግዳና መሬት በሚገናኙበት ጥግ ጥላ ስለሌለ ቤቱ መሬቱን የነካ አይመስልም። እነዚህን ሦስቱን ሪሼድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ከሰዓት ማሻሻል ይቻላል።

ሪሼድ የሚሠራው ጌሙ ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያለቀውን ሥዕል ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ወደ ስክሪን ያሳልፋል፤ ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ከመታጠቡ በፊት እንደሚጠራው ማለት ነው። የሌለውን ግን አያመጣም። የደበዘዘ የግድግዳ ሥዕል ደብዝዞ ይቀራል፣ ማዕዘን የበዛበት ጎማም ክብ አይሆንም። እነሱን የሚቀይሩ ሌሎች ሞዶች (ጌም ላይ የሚጨመሩ ማሻሻያዎች) አሉ።

መጀመሪያ ጌሙን ራሱን አዘጋጁ

የጌሙን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ጌሙ የተጫነው «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ከሆነ ለምሳሌ ሲ ድራይቭ ላይ «ጌምስ» ወደሚል አዲስ ፎልደር አውጡት። ዊንዶውስ እዚያ ፎልደር ውስጥ ፋይል እንዳይጻፍ ስለሚከለክል፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ጌሙን ስትዘጉ ሳይቀመጥ ሊጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ የጌሙን የስክሪን ማስተካከያ ክፈቱ። ሪዞሉሽኑን ከስክሪናችሁ ትክክለኛ ልክ ጋር አንድ አድርጉት፣ የቪዥዋል ኤፌክት ጥራቱንና የእይታ ርቀቱን ወደ መጨረሻው ውሰዱ። የነገሮችን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን አንቲ አሊያሲንግን ደግሞ አጥፉት። ጥራት የሚጨምር ነገር ማጥፋት ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ወደ ታች ግልጽ ይሆናል። በግራፊክስ ካርዱ መቆጣጠሪያ በኩል በግድ የተከፈተም ካለ እሱም ይጥፋ።

በሰከንድ የሚሣሉትን ሥዕሎች (ፍሬሞች) ብዛት የሚገድበውን ፍሬም ሊሚተር አትንኩት። የጌሙ አንዳንድ ስሌት ከፍሬም ብዛት ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ልጓሙ ሲፈታ ዋናን የመሳሰሉ እንቅስቃሴዎች ይዛባሉ። ሳይለንትፓች የሚባለው የስህተት ማረሚያ ሞድ ብዙ የቆዩ ችግሮችን ስለሚያስተካክል ከሪሼድ በፊት ቢጫን ይመረጣል።

መጫን

ሪሼድን ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ሌላ ቦታ «የተሻሻለ» እየተባለ የሚቀርበው ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኢንስቶለሩን ከፍታችሁ የጌሙን ማስነሻ ፋይል አሳዩትና ጌሙ ሥዕሉን የሚሥልበትን ዳይሬክትኤክስ 9ን ምረጡ። ዳይሬክትኤክስ 11 ብትመርጡ መጫኑ ያለ ስህተት ያልቃል፣ ጌሙም ይከፈታል፣ ሪሼድ ግን ድምፁም አይሰማ።

የኤፌክት ጥቅሎች ዝርዝር ሲመጣ ሁሉንም ምልክት ማድረግ ያምራል። አታድርጉት። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር በመቶ የሚቆጠሩ ኤፌክቶች እስኪዘጋጁ መጠበቅ ነው ትርፉ። መደበኛው ጥቅል፣ ስዊትኤፍኤክስና ኪንት ይበቃሉ።

ሲጨርስ ጌሙ ፎልደር ውስጥ ዲ3ዲ9 የሚባል የዲኤልኤል ፋይል ይገባል። ዊንዶውስ ፋይሉን የራሱ ማስቀመጫ ውስጥ ከመፈለጉ በፊት የጌሙን ፎልደር ስለሚያይ፣ ሪሼድ በመሀል የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ኢኤንቢ የሚባለው ሌላው ታዋቂ ሞድም ይህንኑ የፋይል ስም ይጠቀማል። ኢኤንቢ ያለበት ጌም ላይ ሪሼድን ደርቦ መጫን አንዱን በሌላው ማጥፋት ነው። ሁለቱን አብሮ ማስኬጃ መንገድ ቢኖርም ለጀማሪ ድካሙ አያዋጣም፤ አንዱን ምረጡ።

ጌሙን ክፈቱና «ሆም» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ «ኤፍኤን»ንም አብሮ መጫን ያስፈልጋል። የሪሼድ መስኮት ከመጣ መጫኑ ተሳክቷል።

ዴፕዝ በፈር፦ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት

ቀለምና ጥራት ላይ ብቻ የሚሠሩ ኤፌክቶች ከዚህ በላይ አይጠይቁም። ጥግ ላይ ጥላ የሚፈጥረው ኤምኤክስኤኦ ግን የቱ ነገር ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ይህን መረጃ ጌሙ ዴፕዝ በፈር በሚባል ማስቀመጫ ይይዘዋል። ሪሼድ ትክክለኛውን ማስቀመጫ ካላገኘ ኤፌክቱ ወይ ምንም አይሠራም፣ ወይ ሰማይ ላይ ጥላ ይጥላል።

ሥራውን ሜኑ ላይ ሆናችሁ አትጀምሩ፤ እዚያ የሚታየው መረጃ ያሳስታል። ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ፣ ቅርብም ሩቅም ነገር በሚታይበት ቦታ ቁሙ። ግሮቭ ስትሪት መሀል ላይ በቀን መቆም ይበቃል። ከዚያ ዲስፕሌይዴፕዝ የሚለውን ኤፌክት አብሩ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ በኩል የነገሮች ገጽ ወዴት እንደዞረ በቀለም ይታያል፣ በሌላው ቅርቡ ጥቁር ሆኖ እየራቀ ሲሄድ የሚነጣ ሥዕል ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ወደ ኤፌክቶቹ እለፉ።

ስክሪኑ በሙሉ አንድ ቀለም ከሆነ ከሁሉ በፊት ጠርጥሩ የሚባለው አንቲ አሊያሲንግ ነው። እሱ ሲበራ ጌሙ የርቀቱን መረጃ ሪሼድ በቀላሉ ሊያነበው በማይችል መልክ ያስቀምጠዋል። መጥፋቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ «አድ ኦንስ» በሚለው ገጽ ጀነሪክ ዴፕዝን ክፈቱ። እዚያ ብዙ በፈሮች ይደረደራሉ፤ ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ለነጸብራቅና ለጥላ የተሠሩ ናቸው። ልኩ ከጌሙ ሪዞሉሽን ጋር እኩል የሆነውንና «ድሮው ኮል» (ሥዕል የመሣያ ትእዛዝ) ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ምረጡ። አሁንም ባዶ ከሆነ ጌሙ መረጃውን ሪሼድ ሳያየው እየሰረዘው ይሆናል፤ ከመሰረዙ በፊት ኮፒ እንዲደረግ የሚያዘውን ምርጫ ምልክት አድርጉበት።

ሥዕሉ መጥቶ የተገላበጠ ከሆነ ማስተካከያው ሌላ ነው። ቅርቡ ነጭ ሩቁ ጥቁር ከሆነ «ኢዝ ሪቨርስድ» በሚል የሚያልቀውን ቁጥር ቀይሩ። ሪሼድ ለአዲስ ጌሞች እንዲስማማ 1 አድርጎት ይመጣል፣ የቆዩ ጌሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ 0 ይፈልጋሉ። ራሱ ላይ ከቆመ ደግሞ «ኢዝ አፕሳይድ ዳውን» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲስፕሌይዴፕዝ ውስጥ የምትቀይሩት ለማየት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ኤፌክቶች አያውቁትም። ትክክለኛውን ካገኛችሁ በኋላ ያንኑ ቁጥር ግሎባል ፕሪፕሮሰሰር ዴፊኒሽንስ በሚለው መስኮት መጻፍ አለባችሁ። ይህ ሲረሳ ሥዕሉ ፍጹም ትክክል ሆኖ እየታየ ኤምኤክስኤኦ ግን ይበላሻል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ሲያልቅ ዲስፕሌይዴፕዝን አጥፉት።

ኤፌክቶቹን መደርደር

ኤፌክቶች ከላይ ወደ ታች በተራ ይሠራሉ፣ ቅደም ተከተሉም ውጤቱን ይለውጣል። ኤምኤክስኤኦ ከላይ ይሁን፣ ቀጥሎ ጠርዝ የሚያለሰልሰው ኤስኤምኤኤ፣ ከዚያ ቀለም፣ ጠርዝን የሚስለው ማጥሪያ (ሉማሻርፕን) መጨረሻ ላይ። ማጥሪያው ከኤስኤምኤኤ በፊት ከገባ የመጋዙን ጥርስ ስሎ ነው የሚያስረክበው።

ኤምኤክስኤኦ ጭጋግን አያውቅም። ጭጋጉ ርቀት መረጃው ውስጥ ስለማይገባ፣ ጥላው በጭጋግ ከተሸፈነ ተራራ ላይ ሳይቀር ይታያል። የፌድ አውት መጨረሻውን ቁጥር ጭጋጉ ከመወፈሩ በፊት ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ቀንሱት።

ለቡናማው ጭጋግ ቶንማፕ በሚባለው ኤፌክት ውስጥ ያለው ዲፎግ ጥሩ ነው። የጭጋጉን ቀለም ወደ ብርቱካናማ ቀይሩና መጠኑን ከ0.03 ጀምራችሁ በጥቂቱ ጨምሩ። ሲበዛ ሰማዩ በሰው እጅ የተቀባ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለም የሚያደምቀው ቫይብራንስ ከ0.15 እስከ 0.25 ይበቃዋል። ሉማሻርፕን 0.65 ሆኖ ይመጣል፤ እሱን መጨመር አያስፈልግም፣ እንዲያውም ትንሽ ቢቀንስ ይሻላል። ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚባለውን ሩቁን የሚያደበዝዝ ኤፌክት ተዉት፤ ራዳሩና ጽሑፉ ሥዕሉ ላይ አስቀድመው ስለተሣሉ አብረው ይደበዝዛሉ።

ቀለሙን በቀን ብርሃን ብቻ ፈትሾ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ጌሙ ውስጥ አንድ ሰዓት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት 12 ደቂቃ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሌሊት ላስ ቬንቹራስ፣ ቀን በረሃው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሳን ፊዬሮ ላይ እዩት። የሌሎች ሰዎች ፕሪሴት (አስተካክለው ያስቀመጡት የኤፌክት ስብስብ) የሚያስቸግረውም በዚህ ነው፤ ለፎቶ እንዲያምር በቀን ተስተካክሎ፣ ሲመሽ መንገዱን ከነእግረኛው ጥቁር ያደርገዋል።

ኮምፒውተሩ ሲከብደው

ስታቲስቲክስ የሚለው ገጽ እያንዳንዱ ኤፌክት ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚወስድ ያሳያል። በሰከንድ 30 ፍሬም ለማግኘት ጌሙም ሪሼድም ተደምረው ያላቸው 33.3 ሚሊሰከንድ ነው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን የሚበላው ኤምኤክስኤኦ ነው፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፣ ካልበቃ አጥፉትና በኤስኤምኤኤና በቀለሙ ብቻ ቀጥሉ። ያለ እሱም ለውጡ ይታያል። ማስተካከሉን ስትጨርሱ ፐርፎርማንስ ሞድን አብሩ፤ ቁጥሮቹ ይቆለፋሉ፣ ፍጥነቱ ግን ይሻሻላል። መልሳችሁ መቀየር ስትፈልጉ ማጥፋት ብቻ ነው።

ከሰው ጋር በኢንተርኔት ስትጫወቱ መደበኛው ሪሼድ የርቀት መረጃውን ማንበብ ስለሚያቆም ኤምኤክስኤኦ ቢጠፋ አትደንግጡ። ማጭበርበርን የሚቆጣጠሩ ሰርቨሮች ግን ማንኛውንም ባዕድ ዲኤልኤል ጥፋት ብለው ሊያግዱ ስለሚችሉ፣ ከመግባታችሁ በፊት የሰርቨሩን ደንብ እዩ። ለማውጣት ኢንስቶለሩን እንደገና ክፈቱና ያንኑ ጌም መርጣችሁ አንኢንስቶል በሉት፤ ፕሪሴታችሁን ማስቀረት ከፈለጋችሁ ግን የአይኤንአይ ፋይሉን አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርጉ።